ከለቅሶ ድንኳን የተሰፋ ቦርሳ

«ጡረታ ወጣሽ አይደል፣ እንግዲህ አርፈሽ ተቀመጪ» የሚለኝ ሰው በዝቷል። አልቀመጥም። መሥሪያ ቤቱ መታወቂያዬን ተቀበለኝ፣ ጋቢ አለበሰኝ፣ ኬክ ቆረሰልኝ፣ በቃ። ጭንቅላቴን አልተቀበለኝም። አሁንም ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ሶፋውን አይደለም። በሩ ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጪ የሚከፈተው፣ ከበሩ ጀርባ ምን ተቆልሏል፣ የመብራቱ ገመድ በምን ተጠቅልሏል፣ እሱን ነው። ባለቤቶቹ አንዳንዴ ይከፋቸዋል። ይክፋቸው።

ስሜ ጥሩወርቅ ነው። የሥራ ዘመኔ ያለቀው በእሳትና በድንገተኛ አደጋ ሥራ ነው። ውሃ ረጭቼ እሳት ያጠፋሁ ሰው ግን አይደለሁም፤ ኋላ ጀግና ነበረች እንዳትሉኝ ቀድሜ ልናገር። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ስልክ ተቀባይ ሆኜ ነው። ሰው እየጮኸ ይደውላል፣ እኔ «ሰፈሩ የት ነው? ምልክቱ ምንድን ነው?» እላለሁ። «እቤቴ ነው፣ እቤቴ!» ብሎ ጆሮዬ ላይ የሚዘጋው ስንቱ ነበር። ከዚያ ክፍል የተማርኩት፣ ሰው ሲደነግጥ እንደማያስብ ነው። እጁ ያገኘውን አንስቶ ይወጣል። የሽሮ ድስት ከነክዳኑ ይዛ የወጣች ሴት አውቃለሁ። መታወቂያዋ፣ ጫማዋ፣ የእናቷ የደም ግፊት መድኃኒት ውስጥ ቀርቶ ነደደ። ሽሮው ጠብ አላለም።

ከስልኩ ክፍል ያወጡኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ድሮ እሳት አጥፊ የነበሩ፣ ጉልበታቸው ሲደክም ወደ ማስተማር የተዛወሩ፣ ቀጭንና ቁጡ ሰው። ቄራ አካባቢ ካሉት የእንጨትና የብየዳ ቤቶች ጀምረው ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር። «እኔን ሲያዩ ሴቶቹ በር አይከፍቱም፤ አንቺ ነይ፣ ወሬ ታውቂበታለሽ» ብለው ወሰዱኝ። እውነታቸውን ነው፣ ወሬ አውቅበታለሁ።

ጋሽ ደምሴ ሰው ቤት ሲገቡ ወደ ውስጥ አይዘልቁም። ዱካ ስበው ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። «ኧረ ወደ ውስጥ ግቡ፣ ምነው ጠላት ነን እንዴ?» ቢሏቸው ወይ ፍንክች። ምግብ ቢቀርብም እዚያው በር ላይ ነው የሚበሉት። እኔ አፍር ነበር። አንድ ቀን «ጋሽ ደምሴ፣ ሰዎቹ እኮ ንቀውን ነው እያሉ ነው» ብላቸው «ይበሉ። እኔ ስቀመጥ ያዩትን ቦታ አይረሱትም» አሉኝ። ከዚያ የቤቱን እመቤት ይጠሯትና «አሁን ቤቱ ተያይዟል፣ ውጪ ብልሽ ምን ይዘሽ ትወጫለሽ?» ይሏታል። ሴትየዋ ትስቃለች። እሳቸው አይስቁም። «ዓይንሽን ጨፍኚ። ከአልጋው ተነሺ። በግራ እጅሽ አንስተሽ ነይ።» ለምን በግራ እጅ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ቀኝ እጇማ ሰው ይይዛል» አሉኝ።

የመውጫ ቦርሳ ብለው ነበር የሚጠሩት። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ደሃን ገበያ አትላኪው። ቤት ውስጥ ያለው ይበቃል። በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ። በሶ፣ ትንሽ ጨውና ስኳር ተደባልቆበት በፌስታል የተቋጠረ፤ በሶ እሳት አይፈልግም፣ በጥብጠሽ ለሕፃንም ለሽማግሌም ትሰጫለሽ። ያረጀ ነጠላ። ነጠላ ሲቀደድ ለቁስል ማሰሪያ ነው፣ ሲታጠፍ ማዘያ ነው፣ ብርድ ሲመጣም ያው ነጠላ ነው። ያረጀ ጫማ ደግሞ የግድ ነው፤ በባዶ እግሯ ወጥታ የተሰበረ መስታወት ላይ የቆመች ልጅ ስላየሁ በጫማ ጉዳይ ከማንም ጋር አልደራደርም። የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ በላስቲክ። የእጅ ባትሪ ካለ ድንጋዩ ወጥቶ እጀታው ላይ በፕላስተር ይታሰራል፣ ውስጡ ከከረመ ይፈሳልና። ጭስ የዋጠው ሰው መጮህ ስለማይችል ደግሞ ፊሽካ፤ ለፊሽካ ትንሽ ትንፋሽ ይበቃል። በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ትርፍ መድኃኒቱ ከሁሉም ይበልጣል።

ከተረፈ ማዳበሪያ እንሰፋው ነበር። ዚፕ ጋሽ ደምሴ ፊት አይነሳም። «ዚፕ ይነክሳል» ይላሉ። አፉ በገመድ ይታሰራል፣ ያውም እንደ ጫማ ማሰሪያ ተስቦ በአንዴ በሚፈታ ቋጠሮ። ከዚያ በግራ እጅ ይዘሽ እስከ መንደሩ መውጫ ትሄጃለሽ። መንገድ ላይ እጅ ካቀያየርሽ ከብዷል ማለት ነው፤ ተመልሰሽ ትቀንሻለሽ። እኔ ራሴ በዚህ ፈተና ስንት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ አንዴ በሶ አብዝቼ አስቁመውኝ መንገድ ላይ አራገፉት።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ወደ ካዛንቺስ ቢሮ ተዛወርኩ። ያ ሕንፃ ዛሬ የለም፣ መንገድ ሆኗል። ደመወዙም ያው እንደነበረ ነው፣ የሚወራ ነገር የለውም። አለቃችን ወጣት ነበር። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ትሁት፣ ሥራ ወዳድ፣ ስላይድ ማሳየት ግን ከምግብ በላይ የሚወድ። ከአንድ ለጋሽ ድርጅት ቦርሳ አስመጣ። ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ባለ ብዙ ኪስ፣ ዚፑ የወርቅ የሚመስል። ዚፑን ሳይ የጋሽ ደምሴ «ይነክሳል» ትዝ አለኝ።

«ማዳበሪያ ይሻላል» አልኩት።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ማለቴ፣ ማዳበሪያ ስናድል ሰው ምን ይለናል? ሕዝቡን መናቅ አይሆንም? ፎቶ ላይም አይወጣም። ትንሽ ፕሮፌሽናል እንሁን እንጂ።»

ሕዝቡን መናቅ ያለው ነገር አፌን አስያዘኝ። ደሃ ቆንጆ ነገር አይገባውም ልል ነው እንዴ? ቀዩን ቦርሳ አደልን። ሰዉ በእልልታ ተቀበለን፣ ፎቶውም አማረ።

ከዚያ በየቤቱ ለክትትል ስዞር ቦርሳው የለም። «የት አለ?» ስል ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ይጠቁሙኛል፤ ወደ ቡፌው። ከሠርጉ ብርጭቆና ለእንግዳ ብቻ ከሚወጣው ሳህን ጎን፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ተቆልፎበት። ለክፉ ቀን የተሰጣቸውን ቦርሳ ለደግ ቀን አስቀመጡት። ያላስቀመጡት ደግሞ ልጃቸው ትምህርት ቤት ይዞት ሄዷል፣ ወይ ገጠር ለሚሄድ ዘመድ አውሰውታል። አልፈረድኩባቸውም። እኛ አገር ጥሩ ዕቃ በር ሥር ይጣላል እንዴ?

እትዬ አበበች ከኡራኤል ጀርባ የምትኖር፣ ለቢሮ ሠራተኞች ምሳ እየሠራች የምታቀርብ ሴት ነበረች። የልብ መድኃኒቷን ቦርሳው ውስጥ አድርጋ ቡፌው ውስጥ ቆልፋበታለች። «አየሽው? አቧራ እንኳ አላስነካሁትም» አለችኝ በኩራት። «አበበችዬ፣ በናትሽ አውጪውና በሩ ጋ አድርጊው» አልኳት። «እሺ፣ አወጣዋለሁ» አለች። እሺ ስትል አፏ ነው እሺ የሚለው፤ ገባኝ፣ ግን ሌላ ቤት ይጠብቀኝ ስለነበር ሄድኩ።

እሳቱ ከሲሊንደር ተነሳ። እትዬ አበበች ወጥታ ነበር። ጎረቤቶቿ ደጅ ቆማ አይተዋታል። «መድኃኒቴ» ብላ ተመለሰች። የእኛ እሳት አጥፊ ልጆች ሲደርሱባት ቡፌው ፊት ለፊት ተደፍታ ነው ያገኟት፤ በእጇ የቁልፍ ዘለላ ይዛለች። ዘነዘናዋ እዚያው አጠገቧ ቆሟል። አንድ ጊዜ ብትመታው መስታወቱ ይረግፍ ነበር። አልመታችውም። የቡፌ መስታወት እንዴት ይሰበራል? እንደዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆና እንኳ ትክክለኛውን ቁልፍ ነበር የምትፈልገው። ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች።

ለቅሶዋ ላይ አምርሬ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ፣ ንዴቱም እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ከዚያ በኋላ በገባሁበት ቤት ሁሉ የመጀመሪያው ቃሌ «እጅሽ ካልደረሰበት ትተሽው ውጪ፣ ወርቅም ቢሆን» ሆነ። ለአለቃዬም «ይሄ ቦርሳ የተቆለፈበት ስላማረ ነው፤ አስቀያሚ ቦርሳ ስጡኝ» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፣ አዝኗልም። ግን በጀቱ ወጥቷል፣ ቦርሳው ተገዝቷል፣ ሪፖርቱ ሄዷል። ለዓመታት ተከራከርኩ፣ ተሸነፍኩ፣ ጡረታ ወጣሁ።

አሁን ወደ ራሴ ግቢ ልምጣ። ቂርቆስ ውስጥ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ የቀበሌ ቤቶች፣ የጋራ ማዕድ ቤት፣ ለሁላችንም አንድ የውጪ በር። የመብራት ገመዱ ከቤት ቤት የተቀጣጠለ ነው። ጎረቤቴ ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፣ ቄራ ቅመም ትነግዳለች። ባሏ ጋሽ ሰይድ ዕድሜ ልካቸውን በርበሬ ወፍጮ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ሳንባቸውን እዚያ ትተውት መጥተዋል። አስም አለባቸው። የጎረቤት ሽንኩርት ሲያርር እንኳ ትንፋሻቸው ሲር ሲር ይላል። ይሄ ግቢ አንድ ቀን ቢያያዝ ከሁላችን በፊት የሚወድቁት እሳቸው እንደሆኑ ለማወቅ የእኔ ሙያ አያስፈልግም። ዘይነባም ታውቃለች፤ ስለዚህ ስለ እሳት ሳወራ ትሸሻለች።

ዘንድሮ እድራችን አዲስ ድንኳን ገዛ። አሮጌው ተቀዳዶ መጋዘን ውስጥ ተጥሏል። በወሩ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ።

«አሮጌው ድንኳን ለእኔ ይሰጠኝ» አልኩ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን ሊያደርግልሽ?»

«ቦርሳ ልሰፋበት። ለእያንዳንዱ ቤት የመውጫ ቦርሳ።»

ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉት። «አንቺ ጥሩወርቅ፣ ያን ሁሉ ሬሳ የሸኘንበትን ሸራ ቆራርጠሽ በየቤታችን ልታስገቢ? ሟርት ነው እኮ የያዝሽው።»

«ሟርት አይደለም፣ ሸራ ነው። ጠንካራ ሸራ።»

«እድር የተቋቋመው ለሞት ነው» አሉ፣ እንደ ሕግ አንቀጽ።

«እሱን አይደል የምለው ጋሽ ተፈራ? ለሞታችን ወንበር አለን፣ ብረት ድስት አለን፣ አዲስ ድንኳንም ገዛን። በሕይወት ለመውጣት ግን አንድ ፊሽካ የለንም። እናንተ ልትቀብሩኝ ተዘጋጅታችኋል፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እንዳልሞት ልዘጋጅ ነው ያልኩት። ሸራውን ካልሰጣችሁኝ መዋጮዬን ዛሬ አቆማለሁ፤ ስሞትም ማንም እንዳይደርስብኝ።»

ከኋላ አንዷ «ኧረ በስመ አብ በይ» አለች። ሌሎቹ ሳቁ። ጋሽ ተፈራ ግን አልሳቁም። «ስጧትና ትገላግለን» ብለው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ሸራውን በበረኪና አጠብኩት፣ ግቢው ውስጥ አሰጣሁት። ሰዉ ዞሮ ነበር የሚያልፈው። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ በመኪናው አልሰፋም ስላለኝ በእጄ ሰፋሁት፤ ጣቴ በመርፌ ተበሳሳ። የድንኳኑ መወጠሪያ ገመድ ሳይቀር ማንጠልጠያ ሆነ። የክረምቱን ዝናብ አስቤ አፉ ላይ ክዳን አበጀሁለት። ምን ያህል አስቀያሚ እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። የተጣፈ፣ የወየበ፣ ከነዝገት ጠባሳው። እንደዚያ ቀን በሥራዬ ረክቼ አላውቅም።

ማደል ስጀምር ግን ጉድ ፈላ። አንዱ «ለባለቤቴ ልንገራት» ይላል፣ ሌላዋ በሁለት ጣቷ እንደ አይጥ ጭራ ይዛ ትቀበለኛለች። ዘይነባማ እጇን አልዘረጋችም።

«ወላሂ ጥሩዬ፣ እወድሻለሁ። ይሄ ነገር ግን ከደጄ አያልፍም። የእናቴን ሐዘን የተቀመጥኩት እዚህ ሸራ ሥር ነው።»

እኔም ባሌን ስቀብር እዚያው ሥር ነበርኩ። ግን ግትር ነኝ። «የፈለግሽው ቦታ አድርጊው። ብቻ የጋሽ ሰይድ ትርፍ ፓፍ ይግባበት» አልኳት። ፓፍ የምንለው በአፍ የሚነፋውን የአስም መድኃኒት ነው።

«ትርፍ? አንዱን ስንት ፋርማሲ ዞሬ እንደማገኘው እያወቅሽ?» አለችና ቦርሳውን ከእጄ ነጠቅ አድርጋ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ስወጣ የዘይነባ ቦርሳ ከበሯ ጎን፣ ከቤቱ ውጪ፣ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ዞር ስል የሚቀጥለውም ቤት እንደዚያው። ሁሉም። ማንም የለቅሶ ጨርቅ ቤቱ አላስገባም፤ መጣሉን ደግሞ ፈርተውታል። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ልፋቴን ደጅ የጣሉት መሰለኝ። በኋላ ቤቴ ገብቼ በር ዘግቼ ብቻዬን ሳቅኩ። ስንት ዓመት ለምኜ፣ አስተምሬ፣ ስላይድ አሳይቼ ያልሆነልኝ ነው። ቡፌ ውስጥ አይቆለፍ፣ ለዘመድ አይዋስ፣ ሌባ እንኳ አይነካው። በር ላይ ይሰቀል ያልኩትን ሰሚ አጥቼ ሳበቃ ፈርተውት ሰቀሉት።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የሰው ቦርሳ ከፍቼ አላይም፤ ሳልፍ ግን ከውጪ እጨምቀዋለሁ። የዘይነባ ውስጥ ውሃው አለ፣ ጫማው አለ። ፓፍ ትንሽ ነገር ነው፣ ከነጠላ ጋር ከሆነ በእጅ አይለይም።

«ገባ?» እላታለሁ።

«ኢንሻአላህ» ትለኛለች።

ኢንሻአላህ ማለት ገብቷል ነው ወይስ ሊገባ ነው? «ዘይነባ፣ ገብቷል ወይስ አልገባም?» ስላት «ኡፍ፣ ጥሩዬ፣ ሥራ ፈት ሆንሽ እኮ» ብላ ትሄዳለች። እሷ ከገበያ ስትመለስ እኔ በር ላይ ነኝ። በሁለተኛው በር መግባት ብትችል ትገባ ነበር፣ ግን ግቢያችን ሁለተኛ በር የለውም።

የሆነው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። ማዕድ ቤቱ ጣሪያ ሥር የተቀጠለው ገመድ ተንጣጣ፣ ከዚያ ኮርኒሱ ያዘ። ፊሽካዬን ነፋሁ። ሰዉ በየበሩ ወጣ፣ ልጁን በአንድ እጁ፣ ያን የጠላውን ቦርሳ በሌላው ይዞ። ማንም ወደ ውስጥ አልተመለሰም። አንዷ ስልኳን ልታመጣ ዞር ስትል የሰደብኳትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ ወጣች።

ዘይነባ ቄራ ናት። ጋሽ ሰይድ ዙህር ሰግደው ጋደም ብለው ነበር፣ አልወጡም። ጭሱ በረንዳውን ሞልቶታል። ጎንበስ ብዬ እስከ ደጃፋቸው ሄድኩና ፊሽካውን ደጋግሜ ነፋሁ። በሩ ተከፈተ። ግድግዳውን እየዳሰሱ ነው የሚመጡት፣ ዓይናቸው ተጨፍኗል። ግራ እጃቸው ከመቃኑ ሲያልፍ ሸራውን ነካ፣ ያዘው፣ ከምስማሩ ነቀለው። ቀኝ እጃቸውን ይዤ እየጎተትኩ አስፋልቱ ላይ አወጣኋቸው።

ተቀመጡ። መናገር አልቻሉም። ደረታቸው ይነሳል፣ አየር ግን አይገባም፣ ከንፈራቸው ጠቆረ። ፓፋቸውን ፍለጋ ኪሳቸውን ዳሰስኩ፣ የለም፣ ለካ አልጋው ላይ ቀርቷል። ሰው «ውሃ ስጧቸው»፣ «አናፍሱላቸው» ይላል። የቦርሳውን ገመድ ሳብኩት። ጫማ። ውሃ። በሶ። ነጠላውን አራገፍኩት፣ ምንም የለም። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ሰዓት ዘይነባን ጠላኋት። እጄን እስከ ታች ሰደድኩ። ጥግ ላይ በዘይነባ ሻሽ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ነበረች። ፈታኋት። ፓፉ ነው፣ አዲስ፣ ከነክዳኑ።

ነቅንቄ አፋቸው ላይ አደረግኩላቸው። አንድ ጊዜ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ። እጄን ጥርቅም አድርገው ይዘዋል። ከዚያ ትንፋሹ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሲር ብሎ ገባ። ደግሞ ገባ። አስፋልቱ ላይ ተዘርፍጬ እሪ ብዬ አለቀስኩ፣ ስንት ዓመት የቆየ ልቅሶ ነው።

የድሮ መሥሪያ ቤቴ ልጆች ደርሰው አጠፉት። ማዕድ ቤቱ ወደመ፣ የእኔም ቤት አንዱ ግድግዳ ወደቀ። ሰው አልሞተም። ዘይነባ ከቄራ በሩጫ ስትመጣ ነጠላዋ መንገድ ላይ ወድቋል፣ አንድ እግሯ ጫማ የለውም።

«አሉ?» አለችኝ።

«አሉ።»

ባሏ አጠገብ ቁጭ አለች። እጃቸውን ያዘች። ከዚያ ሻሿን እጄ ውስጥ አየችው።

«መቼ ከተትሽው?» አልኳት።

«በሰጠሽኝ ሳምንት።»

«ታዲያ ስጠይቅሽ?»

«ደስ እንዳይልሽ ብዬ ነዋ። አንቺ ደስ ካለሽ ማን ያስቀምጠናል?»

ስንሳሳቅ ከመንገዱ ማዶ ጋሪ እየተንቋቋ መጣ። ጋሽ ተፈራ ከፊት ከፊት ይሮጣሉ። ሰይድ ሞተ የሚል ወሬ ደርሷቸው ኖሮ፣ ጋሪው ላይ ወንበሩንና አዲሱን ድንኳን ከነማሰሪያው ጭነው ነው የመጡት። ጋሽ ሰይድን መሬት ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ።

ጋሽ ሰይድ ድንኳኑን አዩት፣ ጋሽ ተፈራን አዩ። አንድ ትንፋሽ ሳቡ፣ ለአንድ አረፍተ ነገር የሚበቃ።

«ተፈራ» አሉ፣ «ይሄን ድንኳን እኔ አልመርቅልህም፤ መልሰው።»

ጋሽ ተፈራ ራሳቸው ጋሪውን አዙረው መለሱት።